ሁለት ስንዝር ለምታህለው አረንጓዴ ቀለም የቀረበ ምስጋና

ሰኔ 3 ቀን 2003 ዓ.ም.
ፍኖተ ሰላም

ለክቡር አቶ ይሄይስ ልዑልሰገድ
የመንገድ ካምፕ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ሁሉ ማመስገንን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዓይንዎ ሳያለቅስ፣ ጉሮሮዎ ሳይከረክር፣ ልጆችዎም በሳል ሳይታፈኑ መጪውን ክረምት እንዲያልፉት ከልብ እመኛለሁ። ለሌላ ሰው ብጽፈው የደብዳቤ ወግ ብቻ የሚመስል ምኞት ነው፤ ለእርስዎ ሲሆን ግን አስቤበት የጻፍኩት ነው። በጥሩ የጭቃ ግድግዳ ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ ስለማውቅ ምኞቴ እንደሚሰምር አልጠራጠርም።

እርስዎ ያውቁኛል። ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍና የማያውቀኝም ሰው ስለሚያነበው ግን ራሴን ላስተዋውቅ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ዋንዛው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ የጻፍኩ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ድንበሩ የተገፋበትም፣ ውርሱን የተከለከለም፣ ላሙ የተነዳችበትም ብሶቱን በእኔ እጅ አስጽፏል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የራሴን ቤተሰብ ብሶት ለመጻፍ ግን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ያዘገየኝ የሥራ ብዛት አይደለም፤ እፍረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱን የሠራው ኩባንያ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ከቡሬ መውጫ ባለው ካምፕ አራት ተሳቢ ቤቶች ትቶ ሄደ። ላላየ ሰው፣ ተሳቢ ቤት ማለት ከታች ጎማ ያለው፣ ከውጭ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ውስጡ በሙጫ ተጣብቆ በተጨፈለቀ እንጨት፣ ቺፑድ በምንለው የተለበጠ፣ መኪና ጎትቶ ካሻው ቦታ የሚያቆመው ቤት ነው። ንብረቱን እንዲያስወግድ የእርስዎ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከአራቱ አንዱን እህቴ ዓባይነሽ ገዛች። ዓባይነሽ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። ልጇ ዘርትሁን እዚህ ፍኖተ ሰላም እንድትማርላት ብላ ጅጋ የነበራትን የጭቃ ቤት ሸጠች፤ ተሳቢውንም ጎረቤቶቻችን ሳቢሃና በድሩ በፈቀዱላት የግቢያቸው ጥግ አቆመች። ምከረኝ ብላኝ ግዢ ያልኳት እኔ ነኝ። እነሆ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ከልምዴ አውቃለሁ።

1ኛ/ የጨረታውን ማስታወቂያ እንድጽፍ ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ። ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው ብዕሬ ወርቅ መሆኑን በሰው ፊት ሲመሰክሩልኝ ልቤ አበጠ። “ነፋሻ፣ ጽዱ፣ ለቤተሰብ ኑሮ እጅግ ተስማሚ” ብዬ ጻፍኩ። ወደ ውስጥ ገብቼ አላየሁም፤ እርስዎም ገብተህ እይ አላሉኝም። ጽፌ ስጨርስ ደግሜ አነበብኩትና ራሴው አመንኩት። እህቴ ደግሞ ያመነችው ወንድሟ ስለጻፈው ነው።

2ኛ/ በርክክቡ ቀን ስላሳያችሁን ትሕትና አመሰግናለሁ። ሐምሌ መግቢያ ነበር፣ ያካፋል። አምስቱም የኮሚቴ አባላት በካፊያው ውስጥ ቆመው ፈረሙ እንጂ አንዳቸውም ከተሳቢው ገብተው አልተጠለሉም። ደብተሩ እስኪረጥብ ድረስ ከውጭ ቆማችሁ ቁልፉን ስታስረክቡን ለአዲሷ የቤቱ ባለቤት ክብር መስጠታችሁ መሰለኝ። “ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ” የሚለውን ቃል ለእህቴ ያነበብኩላትም፣ የምትፈርምበትን ቦታ ያሳየኋትም እኔ ነኝ።

3ኛ/ ይህኛው የእኛው የራሳችን ነውር ነው፤ ቢሆንም በእናንተ ቤት ምክንያት የመጣ ስለሆነ ምስጋናው ለእናንተ ይድረስ። በአገራችን ቤት ሊመርቅ የሄደ ሰው የቤቱን ጉድለት አያወራም። ጣሪያው ቢያፈስ የዝናብ በረከት ነው ይላል፤ ጠባብ ቢሆን ፍቅር ካለ ይበቃል ይላል። ለምረቃው ሰዎች ጠራን፤ ዝናብ ስለነበር በሩንም መስኮቱንም ዘጋን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሁሉም ሰው ዓይን እንባ አቀረረ። መራቂው ሽማግሌ ምርቃታቸውን በእንባ ጨረሱ። ሳቢሃ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ማሻአላህ፣ ምን የመሰለ ቤት ነው አለች። እኔም ተነሥቼ ስለ ሟቹ አማቼ ንግግር ሳደርግ እንባዬ አገጬ ድረስ ወረደ፤ ሰውም የወንድም አንጀት አለ። ሆዴ ባብቶ መሰለኝ፣ ክቡር ሆይ። ሃያ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ተቃጥሎ ሲያለቅስ አንድም ሰው አፉን አውጥቶ ይህ ቤት ያቃጥላል አላለም። ሁሉም ብቻውን የተቃጠለ መስሎት በይሉኝታ ዝም አለ።

ደፍራ የተናገረችው መምህርት እሌኒ ብቻ ናት። እሌኒ ከደሴ የመጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ስትሆን በዚያው ግቢ ተከራይታ ትኖራለች። ገባች፣ ቆመች፣ አሸተተች፣ ወጣች። በር ላይ ሆናም ይህ ሽታ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ እንሽላሊት ዘፍዝፈን ያስቀመጥንበት የፎርማሊን ጠርሙስ ሽታ ነው አለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ደግሞ የሰው ደስታ የማያስደስታት ስድ ናት ብዬ በሰው ፊት አሳፈርኳት። ይቅርታዬን በሌላ ጊዜ ለብቻዋ ጠይቄያታለሁ፤ የሰደብኳት በአደባባይ ስለሆነ አሁን በአደባባይ ደግሜ እጠይቃታለሁ።

4ኛ/ የምስጋና ደብዳቤያችንን በመስታወት አስገብታችሁ በቢሯችሁ ግድግዳ ላይ ስለሰቀላችሁልን አመሰግናለሁ። ከመንግሥት እጅ ነገር የተቀበለ ሰው ሳያመሰግን አያድርም ብዬ፣ በምረቃው ማግሥት በእህቴ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። “ቤቱን ከውስጥም ከውጭም መርምረን፣ አይተን፣ እጅግ ረክተን” የሚለው አረፍተ ነገር ላይ ስደርስ እጄ ለአፍታ ቆም ማለቱን አስታውሳለሁ። ይሁንና አረፍተ ነገሩ ያምር ስለነበር ተውኩት። በዓመቱ ግምገማ ላይ ኮሚቴው ለመልካም አስተዳደሩ ማስረጃ አድርጎ እንዳቀረበውም ሰምቻለሁ።

5ኛ/ ስለ ወይራው። በሁለተኛው ሳምንት ዘርትሁን ማሳል ጀመረች። እህቴ ዓይኗ ቀልቶ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት እኔ የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው፣ ይለቃል አልኳት። ሽታ የሚወጣው በጭስ ነው ብለን እንደ ወተት ዕቃ በወይራ አጠንነው፤ ጭሱ እንዳይወጣም በሩንና መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘጋነው። ዘንድሮ እሌኒ እንዳስረዳችኝ የቺፑዱ ሙጫ ያንን የፎርማሊን መርዝ የሚተፋው ቤቱ ሲዘጋና ሲሞቅ ነው። እንግዲህ ሳናውቅ ቤቱን ዘግተን አሙቀነዋል፤ ልጅቷ ደግሞ ውስጥ ነበረች።

6ኛ/ አስተያየት መስጫ ሳጥናችሁ በጣም ያምራል። በነሐሴ ሁለት ጊዜ ወረቀት ከተትንበት። ቁልፉ ከጠፋ መክረሙን አላወቅንም ነበር፤ ስናውቅ በመስከረም ሦስተኛውን ጽፈን በመዝገብ ቤት አስገባን፣ ማኅተምም አስመታንበት። ይቺ ማኅተም ኋላ ትጠቅመናለች።

7ኛ/ በፍርድ ቤት የመሠረትነውን ክስ እንድንተው ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ አሉን። ዓባይነሽ ግን “አባቶቸ፣ እኔ ንጉሥ አልከሰስሁም፤ የከሰስሁት ቤት የሸጠልኝን ሰውየ ነው” ብላ ጠላ ቀዳችላቸው። ጠላውን የጠጡት ከውጭ ቆመው ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ ያለቀሰች ልጅ በተራ ቁጥር አትቀመጥም። ዘርትሁን ከጥቅምት ጀምሮ የምታድረው ከሳቢሃ ልጆች ጋር ነው። ከተሳቢው በወጣች በአሥረኛው ቀን ሳሉ ለቀቃት፤ የትምህርት ቤት ደብተሯን ለመውሰድ በገባች ቁጥር ይመለስባታል። እህቴ ከተሳቢው ደጃፍ ላስቲክ ወጥራ ከሥሩ ትሰፋለች፣ ስትተኛ ደግሞ ከበድሩ የጨርቅ መጋዘን ከጣቃው ጎን ነው። ቤት ያላት ቤት የለሽ ሆናለች። ጅጋ የነበረውን ቤት የገዙት ሰዎች ዘንድሮ ልሰነው ደጁን አስፍተውታል፤ በዚያ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

አሁን ወደ ሕጉ ልለፍ፤ እዚያ ቢያንስ መንገዱን አውቀዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ላለው ገዢ በሩን አልዘጋበትም። ዕቃው ለተገዛበት ነገር የማያገለግል ሆኖ ከተገኘ ገዢው ውሉን አስፈርሶ የከፈለውን ሊያስመልስ፣ ለደረሰበትም ጉዳት ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። የገዢውም ግዴታ ቀላል አይደለም፤ ዕቃውን ሊመረምር፣ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ሊያስታውቅ፣ ካስታወቀም በኋላ በዓመቱ ውስጥ ሊከስ ይገባዋል። ለዚህ ነው የመስከረሟን ማኅተም የምወዳት። ክሱንም በጊዜው አስገብተናል።

መልሳችሁን በአክብሮት አንብበነዋል። ቤቱ የተሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው ትላላችሁ፤ ገዢዋ ከውስጥም ከውጭም መርምራ እጅግ የረካች ስለመሆኗ የምስጋና ደብዳቤዋን በማስረጃነት አያይዘናል ትላላችሁ። ከመስታወቱ ውስጥ አውጥታችሁ ፎቶ ኮፒ ያደረጋችሁትን የገዛ እጅ ጽሑፌን በችሎት ሳየው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው እንዲረታ ጽፌ፣ እህቴን የሚያስረታት አንድ ወረቀት ቢኖር እኔው የጻፍኩት ነው።

ይሁን እንጂ ያው ሕግ አንድ ነገር ይጨምራል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የሸሸገ እንደሆነ፣ ባለበት ሁኔታ ብሎ መጻፉም ሆነ ገዢው አልመረመረም ማለቱ መጠለያ አይሆነውም። ክቡር ሆይ፣ ወደ ቀለሙ የመጣነው በዚህ በኩል ነው።

በተሳቢው በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ቁመቷም ወርዷም ሁለት ስንዝር የምትሆን አረንጓዴ ቀለም አለች። ግድግዳው አልተቀባም፤ ጣሪያው አልተቀባም፤ የበሩም ቀሪው ክፍል አልተቀባም። እህቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትገረምባት ነበር። ባለፈው ጥር እሌኒ በምላጭ ስትፍቃት ከሥሯ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ወጣ፤ ከጽሑፉም በላይ የሚያለቅስ ዓይን ተስሎበታል። ኮሚቴው የመንግሥትን ቀለም ለመቆጠብ ያደረገውን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ካምፑ ውስጥ የቀሩትን ሦስቱን ተሳቢዎች ሄደን በመስኮት አየናቸው፤ በሦስቱም በሮች ላይ ያችው ሁለት ስንዝር አለች።

ጠበቃችሁ ወረቀቱን ከሳሾቹ ራሳቸው ለጥፈው ራሳቸው ቀብተውት ይሆናል ብሏል። ስለዚህ ወረቀቱ ከርክክቡ በፊት በበሩ ላይ እንደነበረ ያየ ምስክር ያስፈልጋል። የካምፑ ዘበኛ ሃይለ ሚካኤል አይቷል፤ ነገር ግን ማንበብ ስለማይችል ሌላ ወረቀት ሊሆን ይችላል ተብሏል። እንግዲህ ያየ ሌላ ሰው አለ፣ ማንበብም የሚችል ነው ይባላል። እኔ ነኝ።

ማስታወቂያውን ልጽፍ የተሳቢዎቹን ቁጥር ለመጠየቅ ካምፑ ሄጄ ነበር። በሩ ወደ ውጭ ተከፍቶ ወረቀቱ በፀሐዩ ፊት ለፊቴ ነበር። ሃይለ ሚካኤል ከማላውቃቸው ሁለት መንገደኞች ጋር ቆሞ፣ ጋሽ ትዕዛዙ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይች ምን ትላለች ብሎ ጠየቀኝ። በጠረጴዛዬ ፊት “በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ይጻፋል” የሚል ሰሌዳ አለኝ። እንግሊዝኛው ከአንድ የድሮ ደብዳቤ ላይ እየገለበጥኩ ስምና ቀን የምለውጥበት ነው፤ ከዚያ ያለፈ አላውቅም። አላውቅም ማለት አፈርኩ። ዓይኔን ጨፈን ገለጥ አድርጌ የፋብሪካው ስምና አድራሻ ነው አልኩት። ሃይለ ሚካኤል በጣቱ ጠቆመና፣ እና የሚያለቅሰውን ዓይን ምን ብለው ሣሉት አለኝ። የንግድ ምልክታቸው ነው አልኩ። ፊደል ያልቆጠረው ሰው በትክክል አንብቦት ነበር፤ ያሳሳተው ማንበብ የሚችለው ሰው ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ሰኔ 9 ቀን በችሎት ምዬ ይህንኑ እናገራለሁ። ጠበቃችሁ እንግሊዝኛ ታውቃለህ ወይ ይለኛል፤ አላውቅም እላለሁ። ከዚያ በኋላ ማን ከዋንዛው ሥር መጥቶ ደብዳቤ እንደሚያስጽፈኝ አላውቅም፤ እንጀራዬ ያው ጠረጴዛ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ዛሬ ጠዋት አውርጄዋለሁ። ለክሱ የሚሆን ማስረጃ በእጄ ሳለ ከጥር እስከ ሰኔ አፌን ይዤ የቆየሁት ለዚህ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ለሰው እየጠቀስኩ የኖርኩት ተረት ነው።

ዝምታዬን ያስጣለኝ የባለፈው ሳምንት ማስታወቂያችሁ ነው። የቀሩት ሦስቱ ተሳቢዎች ለፈረስ ቤት መዋዕለ ሕፃናት በስጦታ እንዲሰጡና ለመስከረም እንዲደርሱ ወስናችኋል። ፈረስ ቤት ደጋ ነው፤ ከብርዱ የተነሣ መስኮት ተዘግቶ ይዋላል። ሕፃናቱ በመጀመሪያው ቀን ያለቅሳሉ፤ አስተማሪዋም እናታቸው ናፍቃቸው ነው ትላለች። ወላጆቹ ይሉኝታ የያዛቸው ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ የምስጋና ደብዳቤ ያጽፋሉ። ምናልባት ብዕሩ ወርቅ የሆነ ሰው አፈላልጋችሁ ትሰጧቸው ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ሄጄ ለእህቴ ነገርኳት፤ ሌላ ሰው ከሰሌዳ ላይ አንብቦ እንዲነግራት አልፈለግሁም። የያዘችውን ስፌት ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ከዚያም ቀና ብላ “ወንድምዓለም፣ ያነዜ አላውቅም ብትል ምን ትሆን ነበር?” አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክቡርነትዎ ግን ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ እንደሚያውቁና ወረቀቱን በሚገባ እንዳነበቡት የቀለሙ ልክ ስለሚመሰክር፣ የእርስዎ ጥያቄ ከእኔ ይለያል፤ እናውቃለን ብትሉ ምን ትሆኑ ነበር?

ዕድሜና ጤና ከነቤተሰብዎ፣ ስልጣንዎንም መስኮቱ በተከፈተ ቢሮ ውስጥ እንዲያደርግልዎ እየተመኘሁ፣ በካፊያ ቆመው ቁልፍ ስላስረከቡን ውለታዎ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ትዕዛዙ ቢያዝን
በአማርኛ ብቻ ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለፈረስ ቤት ሕፃናት ወላጆች
ለመምህርት እሌኒ
ለዘበኛ ሃይለ ሚካኤል (ሰው እንዲያነብለት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወረቀቱ ምን እንደሚል እሌኒ ተርጉማልኛለች፤ ሃይለ ሚካኤል በጠየቀኝ በዓመቱ መልሱ ይኸው። “ማስጠንቀቂያ፦ የዚህ ቤት ግድግዳ ዓይንንና ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይለቅቃል። ለአጭር ጊዜ የሥራ ቢሮነት ብቻ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ ይገልገሉበት። ሰው አይደርበት፤ ሕፃናት አይግቡበት።” ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ምስጋናችን ጎን በዚያው መስታወት ውስጥ እንድትሰቅሉልን በትሕትና እጠይቃለሁ። መስቀሉ ካልተመቻችሁ ደግሞ ከዚያው ቀለም ጥቂት የተረፈ አይጠፋም፤ የወረቀቱን መጠን ለክቼዋለሁ፣ ሁለት ስንዝር ይበቃዋል።